የላላ ስፌት

ተኩላ የሚሆኑት የከተማው ሰዎች ልብሳቸውን የሚያሰፉት እትዬ ልኬ ጋ ነበር። ልኬ የተባለችው ሜትሯን ከአንገቷ ስለማታወርድ ነው፤ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እንኳ ሜትሩ አብሯት ይሄዳል። ጨረቃ ሞልታ ስትወጣ የእነዚህ ሰዎች ገላ ባንዴ ይለወጣልና፣ ስፌቱ ከጠነከረ ልብሱ አንቆ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ጎኑን፣ ብብቱንና ኮሌታውን በቀጭን ክር አላልታ ትሰፋላቸዋለች። ገላ ሲገፋው ክሩ ብጥስ፣ ጨርቁ ደህና። በማግስቱ ይዘውላት ይመጣሉ፣ እንደገና ትገጥመዋለች። ሰው ሳይለኩ መርፌ ማንሳት እሷ ዘንድ ነውር ነበር።

ባሏ የፖሊስ መርማሪ ነው። አዲስ ባልደረባ እስኪመደብለት ድረስ ቤታቸው ሰላም ነበር። አዲሷ ባልደረባው ተኩላ ናት፤ ጣቢያው ውስጥ “አፍንጫ” ይሏታል። ሌባ የነካውን በር አሽትታ፣ ሌባው ቁርሱን ምን እንደበላ ትናገራለች ይባላል። መርማሪውም ራት ላይ አፍንጫ እንዲህ አለች፣ አፍንጫ እንዲያ አደረገች ብቻ ሆነ ወሬው።

“እሷው ታቅርብልሃ ራትህን!” አለችው አንድ ቀን፣ ሳህኑን ከፊቱ አንስታ።

ያ ባልከፋ። መጋዘን ውስጥ የተሸሸገ ሽፍታ ሊይዙ ሄደው “ሽቦ ቧጨረኝ” ብሎ ክንዱን አስሮ ከተመለሰ ወዲህ ሰውየው ዝም አለ። ጨረቃ በሞላች ቁጥር “ተረኛ ነኝ” እያለ ከአፍንጫ ጋር ያድራል። ጠዋት ሲመለስ ሹራቡ ላይ ግራጫ ጸጉር።

“ይሄን አስቀያሚ ጸጉር ደግሞ ቤቴ ይዘህብኝ ገባህ!” ትለዋለች፣ በሁለት ጣቷ እየለቀመች በመስኮት እየጣለች። እሱ አንገቱን ይደፋል። የበደለኛ አንገት ነው፣ አለች እሷ በሆዷ። ቅናት እህል አላስበላ፣ እንቅልፍ አላስተኛ አላት።

አንድ ረፋድ አፍንጫ ራሷ ጥቁር ካፖርት ይዛ ሱቁ ውስጥ ከች አለች።

“እትዬ፣ ይሄን አላልተሽ ስፊልኝ። አደራሽን፣ ለዛሬ ምሽት ነው።”

እትዬ ልኬ እጇን ወደ ሜትሩ ሰደደችና መለሰችው። ያንን ወገብ እንዴት አድርጋ ትቀፈው! ባሏ ያቀፈው መሰላት። “ተይውና ሂጂ” አለች ብቻ።

ሴትየዋ እንደወጣች ከጎረቤቱ ጫማ ሰፊ የናይለን ክር ተበደረች። ጎኑንም፣ ብብቱንም፣ ኮሌታውንም ደራርባ ሰፋችው። “እስቲ ዛሬ ምን እንደምታሸቺ አያለሁ” አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ሾፌር መጥቶ ካፖርቱን ወሰደ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሱቁን ልትዘጋ ተነሳች። ባሏ ገባ። ካፖርቱን የለበሰው እሱ ነው። ትከሻው ላይ ልክክ ብሏል።

“ዛሬም ተረኛ ነኝ፤ እንዳትጠብቂኝ ልልሽ ነው” አለ።

“ከየት አመጣኸው እሱን?” ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። ከመስኮቱ ማዶ ካለው የውሃ ታንከር ጀርባ ጨረቃ ብቅ ብላ ነበር።

“አውልቀው! አውልቀው በሞቴ!”

ቁልፉን ሊፈታ ሞከረ፤ ጣቶቹ ጣት መሆናቸው ቀርቶ ነበር። ተዘርሮ ወደቀ። ኮሌታው አንገቱ ውስጥ ገባ፣ ዐይኑ ፈጠጠ። መቀሷን አንስታ ተደፋችበት። የገዛ ስፌቷ አልበጠስ አላት። “እኔን! እኔን ያንቀኝ!” እያለች ኮሌታውን ቆረጠች፣ ብብቱን ቆረጠች፣ መዳፏን ቆረጠች። በመጨረሻ አንድ ግራጫ ተኩላ ከጨርቁ ወጥቶ ወለሉ ላይ እያለከለከ ተኛ።

አፍንጫ ደጅ ከቆመው የጣቢያው መኪና ሮጣ በሩ ላይ ደርሳለች። እሷ የቆየች ተኩላ ናትና ጨረቃ ብትወጣም እስክትፈልግ ድረስ ሳትለወጥ መቆየት ትችላለች። ጎንበስ ብላ የተቆረጠውን ክር አነሳችና አሸተተችው።

“ይሄ ለእኔ ነበር” አለች።

እትዬ ልኬ አልካደችም። ደም የሚያንጠባጥብ እጇን ጉያዋ ውስጥ ከታ አለቀሰች። “ለእኔ ለሚስቱ ያልነገረኝን ላንቺ ነገረሽ። እንዴት አልቀና?”

“ማን ነገረኝ? ለማንም አልነገረም። ያ ሽፍታ መጋዘን ውስጥ ነክሶ ተኩላ ያደረገው ዕለት እኔ ሸተተኝ።” አፍንጫ ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። “ካፖርቱንም በእኔ ስም ያሰፋሁት ለእሱ ነው። ለሚስትህ ንገራት ብዬ ስንቴ ለመንኩት። እሱ ግን፣ ‘ጸጉሩን እንኳ በሁለት ጣቷ ይዛ ነው የምትጥለው፣ እኔን ብታይማ ትጸየፈኛለች’ አለኝ።”

ተኩላው ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ የሚስቱን እጅ ማየት ጀመረ። እትዬ ልኬ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ከጆሮው ጀምራ፣ እያለቀሰች፣ ለካችው።