ሳይበሉ የሚወጡ ዶሮዎች

ጅዳ፣ አል-ባላድ ገበያ ውስጥ አዲስ የታጨደ በርሲም ሸተተኝ። ይህ የከብት መኖ ሳር ልጅ ሳለሁ አባቴ ዘበኛ የነበረበትን የመካ ዳርቻ እርሻ አስታወሰኝ። አባቴ የሥጋ ዶሮዎቹን ጎህ ሲቀድ ሳያበላ በርሲሙ ላይ ይለቃቸው ነበር፤ እህል የሚሰጣቸው ማታ ነው። አንድ ቀን አሳዘኑኝና የዶሮ ቤቱ በር ሳይከፈት ስንዴ በተንኩላቸው። ጠገቡና ሲለቀቁ የእርሻው ግንብ ሥር ተኙ። ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ ከጥላው ንቅንቅ የሚል ጠፋ።

«ሆዳቸውን ሞልተሽ ሜዳውን ነጠቅሻቸው» አለኝ አባቴ።

«አንተ ጨካኝ ነህ!» ብዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። መስክ የሚያገኙት በዚያች ቀዝቃዛ ሰዓት ብቻ መሆኑ አልገባኝም ነበር።

ዛሬ ከገበያው መሃል ደወልኩለት።

«አባ፣ ጨካኝ ስላልኩህ አፉ በለኝ።»

ሳቀ። «እኔስ ወላሂ ያኔውኑ አፉ ብያለሁ፤ ዶሮዎቹን ማን ይጠይቅልሽ?»