የጌጥነሽ ጉድጓድና የብረቱ ብናኝ

ከሽንዲ በርበሬ ጭኖ ወደ ቡሬ የሚሄድ ነጋዴ ውኃ ጥም አቃጥሎት፣ ከመንገድ ዳር ጉድጓድ ሊቀዳ ጎንበስ ሲል አንዲት ሴትዮ ከነጀሪካኗ እየሮጠች ደረሰችበት።

«ተው ወንድሜ! ይኼ አይጠጣም!»

ከሩቅ ምንጭ በጀርባዋ አዝላ ካመጣችው ውኃ በጣሳ ሞልታ ሰጠችው። ለአህያውም አልሰሰተችም።

ይህን በአጋጣሚ ያየችው ምሕረት የምትባል የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች። «ጉድጓዱ ምን ሆኖ ነው፣ እማማ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሴትዮዋ፣ ጌጥነሽ፣ መናገሩ ከበዳት። ጉድጓዱን የቆፈረው ሟቹ ባሏ ነው። ለቤት ይቀርባል ብሎ አሮጌው ጎተራ በነበረበት ላይ ቆፈረው፤ እዚያ ጎተራ ላይ ደግሞ ዘመን ሙሉ የነቀዝ መድኃኒት ሲነሰነስ ኖሯል። ክረምት በገባ ቁጥር ውኃው ያንን ዱቄት ይሸታል። ጎረቤቱም «የመርዙ ጉድጓድ» ይለዋል፤ የባሏ ስምም አብሮ ይነሣል። እሷን የሚያንገበግባት ይኸው ነበር።

ምሕረት ውኃውን አስመረመረችው። ክሎሪን የተጣበቀበት አሮጌ መርዝ ተገኘበት። ከዚያ ከፍኖተ ሰላም፣ ብረት ከሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት፣ የብረት ብናኝ በጆንያ አስጭና መጣች። ፓላዲየም የሚባል ውድ ብረት በስሱ አስነክታ በርሜል ውስጥ ጨመረችውና ውኃውን በዚያ ቀስ እያለች አሳለፈችው።

«ብረቱ ክሎሪኑን ከመርዙ ያላቅቀዋል። ፓላዲየሟ ታፋጥነዋለች እንጂ እሷ አታልቅም።»

«እንደ ሽማግሌ ናታ!»

«ሽማግሌ ያስታርቃል፣ እማማ። ይህቺ የምታፋታ ናት።»

«እሰይ! እንዲህ ያለውን ጋብቻስ ታፋታው!»

ያለፈውን ውኃ ዳግም አስመርምራ ውጤቱ ሲመጣ ምሕረት ከስልኳ አነበበችላት። በርሜሉን ባለፈው ውኃ ውስጥ መርዙ ከሞላ ጎደል የለም። ክሎሪኑ ተላቅቆ በገበታ ጨው ውስጥ እንዳለው ሆኗል።

«ግን ከመርዙ የሚተርፈው ነገርም መመርመር አለበት። እስከዚያ እንዳይቀምሱት፣ አደራ!»

ጌጥነሽ በርሜሉ ዳር ቁጭ ብላ ከጆንያው የተረፈውን ብናኝ በመዳፏ ዘገነች። ተጠርጎ የሚጣል ነገር ነው። ይህ መርዝ የሚፈታ ኃይል ከፍጥረቱ ጀምሮ በውስጡ ነበር፤ እሷ ጀሪካን አዝላ ዳገት ስትወጣም ነበር። አማተበች።

«አቤት ሥራህ!»

ከዚያ ወሬውን ሰምቶ ታሪኳን ሊጽፍ ወደመጣው ሰው ዞር አለች።

«ልጄ፣ ጎተራ በነበረበት ጉድጓድ አትቆፍሩ ብለህ ጻፍልኝ። የባለቤቴን ስም ግን አሁን እንዳታነሣብኝ። ውኃው የተጠጣ ዕለት ተመልሰህ ና፤ ያኔ ስሙን ከነአባቱ ጻፍልኝ።»