የተኛው የገብስ ጠባቂ

ዳኜ ፈንታ የመሐል ሜዳ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ወፍጮ ቤቱም፣ ጠጅ ቤቱም፣ ደብሩም የሚያስታውሱት ሲጨልምባቸው ብቻ ነው። በ1999 ዓ.ም. ለከተማዋ አዲስ ሙዚየም የእንጨት ቅርጻ ቅርጾች መብራት እንዲዘረጋ ሲጠሩት፣ «ደግሞ ለእንጨት! ለሰዉ መች በቃና!» እያለ መሰላሉን ተሸክሞ ገባ።

ቅርጾቹ የሟቹ የእንጨት ጠራቢ የአቶ ተገኘ ሥራዎች ናቸው። ተገኘ በምላሱ ያልደረሰበትን ጎረቤት በመጥረቢያው እንጨት ላይ ቀርጾ የሚደርስበት ሰው ነበር።

ዳኜ አምፖሉን ፊት ለፊት ሲያበራ ሁሉም እንደ ጣውላ ድፍን አሉ። ወደ ጎን ሲያዞረው ግን ጥላ ወደቀና ጉንጩም አፍንጫውም ብቅ አለ። ስድስተኛው ዘንድ ሲደርስ ከመሰላሉ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «የገብስ ጠባቂ» ይላል ጽሑፉ። ሰውየው አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ከኋላው ጭላዳ ዝንጀሮ ተደላድሎ ተቀምጦ ገብሱን ይሸመጥጣል። በዚያ ጠማማ አገጭ፣ በዚያ ጫፉ በተቆረሰ ጆሮ ማን ይሳሳታል? አባቱ አቶ ፈንታ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። አንድ ዓመት ገብስ ሲጠብቁ እንቅልፍ ጥሏቸው አዝመራው ሙልጭ ብሎ ተበልቶ አገር ምድሩ ስቆባቸዋል።

ነገ ምርቃት ነው፤ ከሞላሌና ከቀየት ሳይቀር ሰው ይመጣል። እናቱ እማማ ጌታነሽም ይመጣሉ። ዳኜ በራሱ ቢሳቅበት ግድ የለውም፣ ለምዶታል፤ እናቱ ፊት በአባቱ መሳቁ ግን አንጀቱን በላው። ከታች ቢያበራ አባቱ ሰይጣን መሰሉ። ከላይ ቢያበራ ዓይናቸው ጎደጎደ፣ ጭላዳው ግን ጭራሽ አማረበት። በመጨረሻ አምፖሉን ፊት ለፊት ገትሮ ድፍን አደረጋቸውና «በል አባዬ፣ ተኛ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ እማማ ጌታነሽ ስድስተኛው ፊት ቆመው አንገታቸውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዘነበሉ።

«ዳኜ፣ ይህን ለምን አደበዘዝከው?»

«አምፖሉ ነው፣ እማዬ።»

«አትዋሽ! ተገኘ ሲጠርበው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቆሎ ስቆረጥም ነበር። ወደ ጎን አዙረው።»

«ሰው ይስቅበታል እኮ!»

«ይሳቃ! እኔስ አርባ ዓመት መች ሳቄን አቆምኩ? አባትህ አንድ ፎቶ የለውም። ፎቶ አንሺው የመጣ ዕለትም ተኝቶ ነበር። ከሞተ ስምንት ዓመቱ፤ መልኩ እየጠፋብኝ ነው ልጄ። አዙረው።»

ዳኜ አዞረው። አገጩ ጠመመ፣ አፉ ተከፈተ፣ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እማማ ጌታነሽ ከሁሉም በላይ ሳቁ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አነሡና፣ «ይኸው፣ እሱ ነው» አሉ።