አየር ላይ እያለች ሰላምታ የለም

ባለፈው ሳምንት ካርቱም ውስጥ ከካላክላ ሰፈር ወደ መሃል ከተማ የተሳፈርኩበት ሃይስ ሚኒባስ ሾፌር መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው አልነበረም። እጁን በመስኮት እያወጣ «ያ ዞል! ተማም? ኢንሻላህ ተይቢን?» ይላል፣ አንተ ሰው፣ ደህና ናችሁ አይደል እንደ ማለት፤ የሁሉንም ቤተሰብ ጤና ይጠይቃል። መሪውን በአንድ እጁ፣ አንዳንዴም በጉልበቱ ይዞ ነው ይህን የሚያደርገው። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ በአማርኛ «ኧረ ይሄ ሰው በሰላምታ ሊፈጀን ነው!» ሲሉ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኔ ደግሞ ከዓመታት በፊት ሰላምታ ነፍጌ ጉድ ልሆን የነበረበት አንድ ከሰዓት በኋላ ትዝ አለኝ።

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ነው። የነርስነት ትምህርቴን አቋርጬ ካላክላ ገበያ አጠገብ ካለ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ሙሉጌታ የሐበሻውን ሠርግና ክርስትና፣ ተዝካር ሳይቀር ይቀርጻሉ። ድሮን ባስመጡ ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ሪሞቱ ለእኔ ተሰጠ። ሌላውን እየሠራሁ ለመድኩት፤ እሳቸው አጥብቀው ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እሷ አየር ላይ እያለች ሰላምታ የለም። ጳጳስ ቢመጣ እንኳ ዞር እንዳትዪ!»

ለሌላ አገር ሰው ይህ ቀላል ሕግ ይሆናል። ሐበሻ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ተሳስሞ ካልሆነ ሰላም ያለ አይመስለውም። ሱዳኑም ትከሻህን መታ መታ አድርጎ የዘመድ አዝማድህን ደኅንነት ሳይሰማ አይለቅህም። በሁለቱ መሃል ያደግን እኛ የሁለቱም ወግ ይጠበቅብናል። ስንት የሙሽራ እናት «ይቺ ልጅ ምን አኮራት?» ብላኛለች።

አባቴ አገር ቤት መምህር ነበር። በፖለቲካ ምክንያት ተሰዶ ካርቱም ሲገባ የቀረው ተስፋ እኔን አስተምሮ ማስመረቅ ሆነ። ትምህርቱን መተዌን ሲሰማ «በአሻንጉሊት ልትኖሪ ነው?» አለኝ። እኔም አፌን ከፈትኩበት፤ ተቀያየምን፤ አክስቴ ቤት ገባሁ። ዓመት ሊሞላን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንገናኝ እንኳ በሩቁ እንተላለፍ ነበር። ሽማግሌ ሲላክበት «ትምጣና ጉልበቴን ትሳም» አለ። እኔ ደግሞ ሥራዬን ሥራ ነው ካላለ አልሄድም አልኩ። ግትርነቱን ከሌላ ሰው አልወረስኩትም። ቢሆንም ይናፍቀኝ ነበር፤ ምግብ ሲቀርብ የሱ ቦታ ባዶ ሆኖ ይታየኛል።

ጥር ላይ የውቢት ሠርግ ሆነ። ውቢት አል-ጣኢፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ አሠሪዋ ሃጃ ሰልማ ለድግሱ ግቢያቸውን ለቀቁላት፤ ድሮኗ እንድትነሳም ተስሪህ የሚሉትን የፖሊስ ፈቃድ በወንድማቸው በኩል አስወጡልን። የካርቱም ጥር ደስ ይላል። ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ላብ ያደርቃል፤ ቀዝቃዛ ከርከዴ በጆግ ይዞራል። ከግቢው ጀርባ በግ ስለታረደ ሰማዩ ላይ ጭልፊቶች ያንዣብቡ ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ በእጅ ካሜራ ውስጡን ሲቀርጹ እኔ አጥሩ ጥግ ቆሜ ድሮኗን አነሳኋት።

ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ሃጃ ከረሜላ በተኑ። የሰፈሩ ልጆች ለመልቀም ተሻሙ፤ ልክ ከድሮኗ ሥር። ይሄኔ አንዷ ጭልፊት ዙሯን እያጠበበች ወደ ድሮኗ ቀረበች። ዓይኔን ከሁለቱ ላይ ሳልነቅል ከጎኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«ሮማን።»

አባቴ ነበር፤ እሱም ለሠርጉ ተጠርቷል። በዓይኔ ጥግ የኮቱ እጅጌ ይታየኛል፤ እጁን ዘርግቶልኛል። የተቀየመ አባት ለልጁ ቀድሞ እጁን ሲዘረጋ እኔ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ሰውም ያየ አይመስለኝም።

ሁለቱም እጆቼ ሪሞቱ ላይ ናቸው። አልዞርኩም።

«ኧረ አባትሽ እጁን ዘርግቷል!» አለች ከሠርገኞቹ አንዷ።

«ያ ቢት! አቡኪ!» አሉ ሃጃ፤ አንቺ ልጅ፣ አባትሽ እኮ ነው! ክንዴን ይዘው ሊያዞሩኝ ሲመጡ ኮቴያቸው ተሰማኝ። አሁን ካልዞርኩ አባቴን እስከመጨረሻው አጣሁት ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡ መጣ፣ አለፈም፤ እንደ ሰው ወሬ ነበር የሰማሁት።

ጭልፊቷ ተወረወረች። አሞራ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ እንዲህ አይፈጥንም፤ ድሮኗን ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ አወጣኋት። ወፏ ከሥሯ ሽው ብላ አለፈች። ድሮኗን ከልጆቹ አናት አርቄ የሃጃ ቤት ጣሪያ ላይ አሳረፍኳት።

ሃጃ ክንዴን እንዳልያዙኝ ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ዞር ስል አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኛል። የተዘረጋውን እጁን አላጠፈውም፤ ሌላኛውንም ጨምሮበት፣ ወደ እኔ የሚመጡትን ሴቶች ሁሉ እንደ አጥር አግዷቸዋል።

«ኸሉሃ ያ ሃጃ» ይላል። «ተዉአት፣ ሥራ ላይ ናት።»

ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ ከመንገድ አስቀረኝ።

«ወፏ ብትመታትስ ኖሮ?»

«ልጆቹ ላይ ትወድቅ ነበር፣ አባዬ።»

«እህ» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከሰሃኑ ላይ ጠቅልሎ አጎረሰኝ።

አባቴ ጦርነቱ ሳይመጣ አረፈ። እኔ ተሰድጄ ተመልሼ እዚሁ ካላክላ እኖራለሁ፤ ሪሞት ከያዝኩ ብዙ ጊዜ ሆነኝ። አሁን እንደ ንብ የሚጮኸው የቦምብ ድሮን ከሰማይ ሲሰማ ከረሜላ የሚለቅም ልጅ የለም፤ ሁሉም ወደ ቤት ይሮጣል። በቀደም ከጎረቤቶቼ ጋር ግድግዳ ተደግፈን እስኪያልፍ ስንጠብቅ አንዷ «ይህን የሚነዳው እብድ መሆን አለበት» አለች። እብድ ድሮን ማብረር አይችልም። ሰውዬው የሆነ ቦታ ተረጋግቶ ተቀምጧል፤ ዓይኑን አይነቅልም፤ በስሙ ቢጠሩት አይዞርም። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ምናልባት ከጎኑም የሚወደው ሰው ቆሞ፣ የሚመጣውን እያገደ፣ «ተዉት፣ ሥራ ላይ ነው» ይላል።