በበሩ ላይ የተጻፈው ስም

መጦሪያ ቤቱ ውስጥ፣ የአባቴ በር ላይ ያለውን ሰማያዊ የስም ሰሌዳ ባየሁ ቁጥር በስደት ያደግኩበት ሰፈር፣ ዴልፍስሃቨን፣ ትዝ ይለኛል። ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ሲያጸዳ ውሎ፣ እጁ በረኪና በረኪና እየሸተተ ከትምህርት ቤት ይወስደኛል። በየመንገዱ ጥግ የታላላቅ ሰዎች ስም በሰማያዊ ሰሌዳ ተጽፏል። አንዱ መርከበኛ፣ አንዱ ሠዓሊ፣ አንዱ ሐኪም፤ የሦስቱም የቤተሰብ ስም አንድ ነው።

«ወንድማማቾች ናቸው?» አልኩት።

ከሥር የተጻፈውን ዘመን አየና «አይተዋወቁም» አለኝ። ትንሽ እንደሄድን፣ «እኛንም እንደነሱ ጽፈውናል። እኔም አንቺም በአያትሽ ስም ይመር ሆነናል። ዘይነብ ሰዒድ የምትባል ልጅ መዝገብ ላይ የለችኝም» አለ።

ምን እንዳስከፋው አልገባኝም። እንደ ታላላቆቹ የቤተሰብ ስም በማግኘቴ እኔ ኮርቼ ነበር።

አሁን ብዙ ነገር ይረሳል። ነርሷ ምሳውን ይዛ ገብታ በአገሯ ቋንቋ «ሜኔር ይመር»፣ አቶ ይመር፣ ስትለው፣ በአማርኛ «ይመርማ ሞቷል፤ እኔው ነኝ የቀበርኩት» ይላታል። ሳይገባት ፈገግ ብላ ሳህኑን አስቀምጣለት ትወጣለች።

ትናንት፣ አባትን በስሙ መጥራት ነውር መሆኑን እያወቅኩ፣ ጆሮው ሥር ጠጋ ብዬ «ሰዒድ» አልኩት።

«እሱ ደግሞ ማነው?» አለኝ።