ስለታም ነገር

በትምህርት ቤታችን ስለ ኤች አይ ቪ የሚነገረው ሁሉ ስለ ምላጭ ነበር። ምላጭ አትዋዋሱ፣ መርፌ አትጋሩ፣ የጥፍር መቁረጫ ለየራሳችሁ ያዙ፤ ከዚያ ደወል። ስለ ዋናው መተላለፊያ መንገድ አፉን የሚከፍት የለም። ቢበዛ «ተጠንቀቁ» ይባላል፤ ከምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

የባዮሎጂ አስተማሪያችን ግን ነገር ማድበስበስ አትወድም። ንግግሯን ሁሉ «በግልጽ እንነጋገር» ብላ ስለምትጀምር ተማሪዎች «እትዬ ግልጽ» ይሏታል። እኔ ከጎኗ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ድምጿ ግድግዳውን አልፎ እየመጣ ስሌቴን ያምስብኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ስለ ኮንዶም አስተማረችና አንድ አባት «ልጄን አባለገችብኝ» እያለ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ። ዳይሬክተሩ እሱን በትህትና ሸኝቶ እሷን አስጠራት። ስለታም ነገሩ ይበቃል፣ ሌላውን ቤተሰብ ይነግራቸዋል አላት። የትኛው ቤተሰብ? ገና የወር አበባ ሲነሳ የቴሌቪዥኑን ድምፅ የሚጨምረው? እትዬ ግልጽ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናትና ሥራዋን እንዳታጣ ፈራች። ጥርሷን ነክሳ ስለ ምላጭ አስተማረች።

በቀጣዩ ዓመት አንዲት ተማሪ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ እትዬ ግልጽ ወዳለችበት የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ገባች። ጤና ጣቢያ ተመርምራ ቫይረሱ ተገኝቶባታል። የማን ልጅ እንደሆነች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። የነገረችኝ አብራት ሄዳ መድኃኒት እንዳስጀመረቻትና ልጅቷ ግራ ገብቷት ያለቻትን ብቻ ነው።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ከማንም ምላጭ ተውሼ አላውቅም።»

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ አሁንም ሳስበው ይፈላል። ልጅቷ የነገርናትን አንድ ሳታስቀር ፈጽማለች። ያስቀረነው እኛ ነን፣ ጨዋ ለመባል።

ይህን በነገረችኝ ማግስት ክፍሌን ትቼ እትዬ ግልጽን በመስኮት አየኋት። አጭር ናትና ወንበር ላይ ወጥታ፣ ከግቢው በር በሚነበብ ፊደል «ኮንዶም» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። በግልጽ እንነጋገር ብላ ጀመረች፤ የሳቀ ተማሪ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ቢሮ እንድትመጣ በጣቱ ጠቀሳት።

ከወንበሩ አልወረደችም።

«እዚሁ ይንገሩኝ» አለችው። «ባለፈው ቢሮ ገብቼ እርስዎን ሰማሁ። ዋጋውን የከፈልነው ግን እኔና እርስዎ አይደለንም።»