ሄሊኮፕተሩ በጽዋ ማኅበር

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ደባርቅ ጎልማሶች ትምህርት ቤት ስመላለስ የሳቀብኝን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ለአንዱም ይቅርታ አላደረግኩም። ከሁሉ የከፋው ጎረቤቴ ነው። በቅሎ ጫኝ ነው፤ ቱሪስት ይዞ ስሜን ተራራ ይወጣል፣ ስለዚህ ዓለምን የሚያውቃት እሱ ብቻ ይመስለዋል።

ባለፈው ክረምት ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መጽሐፍ ውስጥ የእንግሊዞችን የጦር ሄሊኮፕተር ታሪክ አገኘሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሠሩት ነው፤ ከላይ የሚሽከረከረው ክንፉ እንጨት ነበር። ደስ ቢለኝ ለጎረቤቴ ነገርኩት።

«እንጨት በረረ? እንግዲያው ያንተም ሞፈር ጎንደር ደርሶ ይመጣላ!»

ገበያው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ባለሞፈሩ» ሆነ። ውሸታም ከመባል መሃይም መባል ይሻለኝ ነበር።

የማርያም ጽዋ ተራ እሱ ቤት ሲደርስ መጽሐፉን ብብቴ ሥር አድርጌ ሄድኩ። ጠላው እንደተቀዳ «ይነበብና ይለይ!» አልኩ።

«አባ ያንብቡልን፤ ይሄማ ከሆዱ ይጨምራል» አለ ጎረቤቴ።

ቄሱ እጃቸውን አወዛወዙ። «ተከሳሹ ራሱ ይመልስ እንጂ። አንብብ ልጄ።»

ልጄ! በዚህ ሽበቴ።

ቆሜ ጀመርኩ። ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሰማሁት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፣ ምእመኑ ቆሞ የሚሰማው ተአምረ ማርያም ሲነበብ፤ ድምፄ ሳላዘው ወደዚያ ዜማ ሄደ። ሄሊኮፕተሩ ማላያ የሚባል የሩቅ ምሥራቅ አገር ጫካ ገብቶ ቁስለኞችን እንዳወጣ፣ በዝናቡና በሙቀቱ የክንፉ ሙጫ እንደለቀቀ ሳነብ አንዲት ባልቴት ተነሡ። እሳቸውን አይቶ ቤቱ በሙሉ ተነሣ። ጎረቤቴም ጋቢውን መስቀለኛ አጣፋ። እኔን ምን ያቆመኛል? ለሄሊኮፕተሩ ስሙን ከዛፍ እንደወሰዱለት፣ የዛፉም ፍሬ ሲረግፍ እየተሽከረከረ እንደሚወርድ፣ ሁሉንም አዜምኩና መጽሐፉን ዘጋሁት።

የቤቱ ጌታ ነውና ጎረቤቴ ቀድሞ መጣ። ጎንበስ አለና ሽፋኑ ላይ የተሣለውን ሄሊኮፕተር ተሳለመ።

ቄሱ ጥምጣማቸው እስኪፈታ ሳቁ። «እግዜር ይፍታህ ልጄ፣ ሞተር ተሳለምህ!»

ያኔ ነው ሁሉም የባነነው። ባልቴቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንፈቀፈቁ። ጎረቤቴ እኔን አየ፣ መጽሐፉን አየ፣ ከዚያ እሱም እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«በል እሺ፣ በሯል!» ብሎ ዋንጫዬን እስከ አፉ ሞላልኝ።

ይቅርታማ አላደረግኩለትም። ግን እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም፤ ጠላውም ግሩም ነበር።